ሰባት ሰው በአንድ ኮት

ሜትሩ ይሉታል። ስም አጥቶ አይደለም። የልክ መውሰጃው ሜትር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚውል፣ አብሮት ስለሚበላ፣ አንዳንዴም አብሮት ስለሚተኛ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ማታ ማታ ከአንገቱ የምታወልቅለት እሷ ነበረች። "እባብህን አስቀምጥ" ትለው ነበር። አሁን የሚያስታውሰው ስለሌለ እሱና ሜትሩ አብረው ያድራሉ።

ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። ሱቁ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ደንበኛ ልኩን ሊሰጥ እጁን ከዘረጋ ሌላው ውጭ ቆሞ መጠበቅ አለበት። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ካውያው በሩ አጠገብ ነው። የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቱ ደግሞ ሁልጊዜ መሄጃው ላይ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ በቀን አንዴ ሳይደናቀፍበት አይውልም።

በሰፈሩ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ሰው ገና ከበር ሲገባ አይቶ ቁመቱን ይናገራል፤ ቢስት በጣት ስፋት ነው። ሁለተኛ፣ "ነገ ና" ማለት ያውቅበታል። ለሠርጉ ያዘዘውን ሱሪ የመጀመሪያ ልጁ መዳህ ሲጀምር የተረከበ ሰው አለ ይባላል። ይህ ስም ማጥፋት ነው፤ ልጁ ገና አልዳኸም ነበር።

ልጅ አልወለዱም። የሱ ወገን ቀድሞ ስላለቀ ዘመድ ሲባል የሚስቱ ወገን ነበር። እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት በሚስቱ ታላቅ እህት ቤት ነው። ሚስቱ እትዬ ስለምትላቸው እሱም እትዬ ይላቸዋል። ሚስቱ ከተቀበረች በኋላ በመጣው የመጀመሪያ እሑድ፣ እግሩ መንገዱን ስለለመደ ይዞት ሄደና የወትሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሾርባው ቀረበ። ሁሉም ሳህን ሳህኑን ያያል። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ እንደ መርፌ ወጋው፤ "አሁን እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ? ቁልፉ የተበጠሰ የቁልፍ ቀዳዳ!"

እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ተነሥቶ ይሄዳል። እሱ ግን አፉ ቀደመው። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ፎቶግራፍ እያየ፣ "እኔ ይሄን ሰውዬ አገኘዋለሁ" አለ።

ሁሉም ቀና አሉ። "ማንን?" አለ የእትዬ ልጅ። ይህ ልጅ ጠበቃው ይባላል። ሥራው የውሃ ቧንቧ ጥገና ነው፤ ስሙ የወጣለት ነገር ተነሥቶ ሳይከራከር ስለማያሳልፍ ነው።

"ማዶ ተሻጋሪውን። ለሷ... ቃል ገብቼላት ነበር።"

ቃል አልገባም። ሚስቱ ስለ ፎቶግራፉ ሰው ባነሣች ቁጥር እሱ አፉን በስፒል ሞልቶ "እህ" ነበር የሚላት። ግን ንግግሩ አንዴ ወጥቷል፤ የወጣ ንግግር ደግሞ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው፣ ተመልሶ ሙሉ አይሆንም። እትዬ በማንኪያቸው ሾርባውን እያማሰሉ ቆዩና፣ "እንግዲያው በየእሑዱ እየመጣህ የደረስክበትን ንገረን" አሉ።

በየእሑዱ! ሜትሩ የሰማው ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ሌላውን ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው ያሰበው። መርከብ አይቶ አያውቅም። ያየው ትልቁ ውሃ የጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሱቁ የገባው ነው።

ማዶ ተሻጋሪው የእትዬና የሟች እህታቸው የአያታቸው ወንድም ነው። ሲሄድ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ስለነበር በቤተሰቡ አፍ እስከ ዛሬ አንቱ ተብሎ አያውቅም። ታናናሾቹ አርጅተው፣ ከነልጆቻቸው አንቱ ተብለው ሞቱ፤ እሱ ብቻ አንተ እንደተባለ ቀረ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኝቶታል። በዓመቱ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ፣ ያለ ደብዳቤ፣ ማኅተሙ በማይነበብ ፖስታ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ዝምታውን ግን ቤተሰቡ ባዶ አልተወውም። አንዱ መርከብ አለው አለ፣ ሌላው የነጋዴ ሴት ልጅ አግብቷል አለ። ጠበቃው ደግሞ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ባለ ሆቴል አደረገው፤ እስከ ክፍሎቹ ምንጣፍ ቀለም ድረስ ያውቃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ፎቶግራፉ ለዚህ ሁሉ ምስክር ነበር። ሰውየው ጀርባው ከፍ ካለ ወንበር ኋላ ቆሟል፤ ከወገቡ በታች አይታይም። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጓል። የለበሰው ኮት ግን ሌላ ነው! ትከሻው የተንጣለለ፣ ኮሌታው ሰፊ፣ ቁልፎቹ የሚያበሩ። ሜትሩ ቤቱን በአማችነት ከተቀላቀለበት ቀን ጀምሮ ኮቱን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያስረዳ ኖሯል። "እጁን ወደ ኋላ ያደረገው ለክብር ነው፤ ትላልቅ ሰዎች እንዲህ ነው የሚቆሙት" ይል ነበር፤ ትላልቅ ሰዎች ሱቁ ድረስ እየመጡ ቆመው ያሳዩት ይመስል።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ መዛግብት ቤት ሄደ። የምታስተናግደው ሴት ወጣት ናት፤ ሹራቧ ክርኑ ላይ ሳስቷል። "ለሚፈለገው ሰው ምን ይሆናሉ?" አለች ከቅጹ እያነበበች።

"ፈላጊዋ ሚስቴ ናት። የአያቷ ወንድም ነው።"

"ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ቢመጡ ይቀላል፣ አባባ። የሥጋ ዘመድ ሲሆን—"

"መምጣት አትችልም።"

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ትራስ ያለው ወንበር ጎትታ አመጣችለት። ሌሎቹ ወንበሮች እንጨት ነበሩ። ሜትሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀመጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ካገኘ እስኪነሣለት ቆሞ ያስላል።

አሁን የሚመጣውን ነገር ሜትሩ ራሱ ሲያወራው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው። ሥራው በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሴትዮዋ ከባሕር ማዶ ወደብ የተገለበጠ የመንገደኞች መዝገብ ከፍታ፣ "አባባ፣ ይኸው!" አለችው። ስሙ የሱ ነው። የአባቱ ስም የአባቱ ነው። የትውልድ ቀዬው፣ ዕድሜው፣ የተሳፈረበት ዓመት፣ ሁሉም ልክክ ያለ ነው። ሜትሩ መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን እያስኬደ፣ የቁመት ዓምድ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አይደለም" አለ።

"እንዴት አይደለም?"

"ይሄ አጭር ሰው ነው። የኛ ረጅም ነው።"

"የትኛው የናንተ? አይተዋቸዋል እንዴ?"

"ኮቱን አይቻለሁ" አለ ሜትሩ፣ ደረቱን ነፍቶ። "ልጄ፣ በዚያ ዘመን የኮት ቁልፍ መጠኑ አንድ ነው። ቁልፏን መለኪያ አድርጌ ትከሻውን ለካሁ፤ ከትከሻው ቁመቱን አወጣሁ። ይሄ የጻፍሽልኝ ሰው ያን ኮት ቢለብስ ጫፉ መሬት ይጠርጋል።"

"እኔ አልጻፍኩትም፤ የጻፈው መርከቡ ነው።"

"መርከብ ምን ያውቃል ስለ ልብስ!" አለና ገጹን ዘጋው። ከቁመቱ ዓምድ በኋላ ሌላ ዓምድ ነበረ። ሜትሩ ግን ቁመት ላይ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል፤ ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

ከዚያ ሁለት ዓመት ረጅም ሰው ሲፈልግ ከረመ። በዚያው ስም ምን ያልተሻገረ አለ! ብረት የሚያጎብጥ የትርኢት ሰው መዝገብ ላይ አገኘ፤ እሑድ ምሳ ላይ አቀረበው። ጠበቃው ክንዱን እያጠፈ "እኔም ጉልበቴ ከሱ ነው የመጣው" አለ፤ ሰውየው በትውልዱ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ተገኘና በሳምንቱ ተሻረ። ቀጥሎ የመርከብ ወጥ ቤት አገኘ። ቀጥሎ ስድስት ጊዜ ያገባ ሰው አመጣ፤ ይህንን እትዬ ራሳቸው "ከኛ ዘር አይደለም፣ አውጣው!" ብለው አባረሩት። ምንም ያላገኘ እሑድ ደግሞ መርከቡ ስንት ምድጃ እንደነበረው፣ መንገደኛው ለንፋስ ምን ይደርብ እንደነበር ያወራል። ጨርቅ ሲያንስ እየቀጠሉ መስፋትን ማን አስተማረው? ሥራው ነው።

ልቡ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። ሰውየው ተገኝቶ ካለቀ እሑድስ? ልብስ ሰፊ ልብሱን ካስረከበ ደንበኛው ለምን ይመለሳል? ስለዚህ ማዶ ተሻጋሪውንም ልክ እንደዚያ እንደ ሙሽራው ሱሪ ያዘው። ነገ ና። እሑድ ና። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዛግብት ቤት ውስጥ ሁለቱም ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር።

ነገሩን የነቀነቀው ጠበቃው ነው። እትዬ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በየከተማው ያሉ ዘመዶች ሁሉ ይሰበሰባሉ። ጠበቃው ምሳ ላይ ተነሥቶ፣ "ጋሽ ሜትር የዚያን ቀን ማዶ ተሻጋሪው የት እንደደረሰ ለቤተሰቡ በይፋ ይገልጻሉ። ለሁሉም ተናግሬያለሁ" አለ።

"ለሁሉም?" አለ ሜትሩ።

"ለሁሉም። ሆቴሉንም ጭምር።"

ሜትሩ በነጋታው ሮጦ መዛግብት ቤት ገባ። ሴትዮዋ አዘነችለት። "አባባ፣ ወደቡ ድረስ ሄደው ያውቃሉ? የድሮው የመንገደኞች አዳራሽ አሁን ለጎብኚ ክፍት ነው። ከወረቀት ውጭ ያለም ነገር አለ።" ባቡሩ ጠዋት ተሳፍረው ለምሳ የሚደርሱበት ነው። ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ውቅያኖስ ማዶ ሲመላለስ ወደቡን ዘሎት ነበር።

አዳራሹ ሰፊ፣ ቀዝቃዛና ባዶ ነው። ጠባቂው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከትንሽ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጠው የተቀደደ የእግር ሹራባቸውን ይሰፋሉ። አሰፋፋቸው ሜትሩን አላስደሰተውም። ግድግዳው በፎቶግራፍ የተሞላ ነው። ሜትሩ በልማዱ ፊቶቹን ሳይሆን ልብሱን እያየ አለፈ። አለፈና ቆመ። ተመለሰ።

አንድ ወፍራም ሰው፣ ከወንበር ኋላ፣ እጁ ወደ ኋላ። የኮሌታው ማጠፊያ ላይ ካውያ የላሰው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት፣ እትዬ ቤት በየእሑዱ የሚያየው። ከታች ሁለተኛው ቁልፍ በመስቀለኛ ክር የተሰፋ፣ ሌሎቹ ቀጥ ባለ።

አጠገቡ አንድ ቀጭን ሰው። ያው ምልክት፣ ያው ቁልፍ።

ቀጥሎ መነጽር ያለው። ቀጥሎ ልጅ እግር። ሜትሩ እየቆጠረ ሄደ። ስድስት ሰው፣ አንድ ኮት። ሰባተኛው እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

ሽማግሌው ከማሞቂያው አጠገብ ሳይነሡ፣ "ኮቷን አዩዋት?" አሉ። "የፎቶ አንሺው ናት። ሱቁ እዚህ ፊት ለፊት ነበር። ላጭሩ ከኋላ በስፒል ይሰበስቧታል፣ ለወፍራሙ ከኋላ ይተረትሯታል። ከፊት ሁሉም ባለጠጋ ነው።"

"እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉትስ?" አለ ሜትሩ። መልሱን እያወቀ ነው የጠየቀው።

"እጅጌዋ ረጅም ነዋ! እጅ ከታየ ጣት የለም።"

ትላልቅ ሰዎች እንዲህ ነው የሚቆሙት! ሜትሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ በየእሑዱ ሾርባ እየጠጣ በስፒል የተያዘ ኮት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያደንቅ! የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለ ሰው ይህን ፎቶግራፍ አላየም፤ ሜትሩን እንኳ አድምቆ አታሎታል።

"እንግዲህ ፎቶ የሚነሡት ሲሄዱ ነው?" አለ።

"ሲሄዱም፣ ሲመለሱም። የማዶው ሐኪም ዓይንህ ታሟል፣ ሳንባህ ታሟል እያለ የሚመልሰው ብዙ ነበር። ይልቅ ኮቷን የሚሻሙት የተመለሱት ናቸው።"

"ለምን?"

"የደረሰው እዚያው ኮት ይገዛላ፣ ጌታዬ። ኮት የሚቸግረው የተመለሰው ነው።"

ማግስቱን መዛግብት ቤት ነው። ሴትዮዋ ያንኑ ገጽ ከፈተች። ሜትሩ ጣቱን እያስኬደ ቁመቱ ላይ ደረሰ፣ በዚህ ጊዜ አለፈ። በገጹ ጠርዝ ላይ ያለው ዓምድ "በዓይን ሕመም ወደ መጣበት የተመለሰ" ይላል።

"ከሁለት ዓመት በፊት ሰጥቼዎት ነበር እኮ፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። አጠረብኝ።"

ሳቅ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። የቀረውን ባንድ ቀን ጨረሱት። የወደቡ ከተማ መዝገብ ሰውየውን ሳይደብቅ ይዞት ኖሯል፤ የመጋዘን ሚዛን ሠራተኛ፣ ያላገባ፣ ከመጋዘኑ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነዋሪ። እዚያው ሸመገለ፣ እዚያው ተቀበረ። ለምሳ ከሚደረስበት ቦታ! ያን ሁሉ ሸኚ አስለቅሶ ሄዶ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ በየትኛው እግሩ በሩን ያንኳኳል? ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ቀረ።

ሜትሩ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። መዋሸት ይችላል። ሆቴሉን ትንሽ አድርጎ፣ ምንጣፉን ትቶ፣ ሰውየውን በክብር ማዶ ቀብሮ መገላገል። እውነቱን ከተናገረ ግን ቤተሰቡ ማዶ ተሻጋሪውን ያጣል፤ እሱም ለዚያች ቀን ሁለት ዓመት የተቀለበ ሰው አንድ የተመለሰ ሚዛን ሠራተኛ ይዞ ይቀርባል። ከዚያ ወዲያ ማን ያን ወንበር ይጠብቅለታል?

የልደቱ እሑድ ደረሰ። ሜትሩ ለእትዬ ካፖርት እየሰፋ ነበር። መቼ እንደሚያልቅ መገመት አያስቸግርም፣ ነገ ነው፤ ገበሩ አልገባም። ስለዚህ ባዶ እጁን ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ውስጥ ጫጫታ ሰማ፤ የጠበቃው ድምፅ "ሆቴሉ" ሲል ተሰማው። እጁ ለማንኳኳት ተነሣና ተመለሰ። ብሎኩን አንድ ጊዜ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ዳቦ ቤቱ ክፍት ነው ብሎ አሰበ፤ ዝግ ነበር። ሦስተኛውን ሲዞር መስኮቱ ተከፈተ።

"አንተ ሜትር!" አሉ እትዬ ከላይ። "ሰፈሩን እየለካህልኝ ነው? ግባ እንጂ!"

ገባ። ቆሞ ነገራቸው፤ ካልቆመ የሚያልቅለት አልመሰለውም። ኮቱን፣ ስፒሉን፣ የዓይን ሕመሙን፣ ሚዛኑን፣ ባቡሩን፣ የቁመቱንም ነገር ራሱን ሳያተርፍ ነገራቸው። ሲጨርስ የጠበቃው ድምፅ ከመሐል ወጣ። "ማለት... ሆቴል የለም?"

"የለም።"

"ጀልባስ? ትንሽዬ?"

እትዬ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ዓይናቸውን አስነባው፣ በመሐረብ ጠረጉ። ፎቶግራፉ እንዲወርድ አደረጉና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አዩት።

"ምስኪን" አሉ። "እናቱ እስክትሞት በሩን አትቆልፍም ነበር ይባላል። ሌባ አይገባም ወይ ሲሏት፣ ይግባ፣ እሱ ከመጣ ግን በር ዘግቼ እንዳልጠብቀው ትል ነበር። በባቡር ግማሽ ቀን! ሞኝ። ማን ኮት አምጣ አለው?"

ፎቶግራፉን በመሐረባቸው ወለወሉት።

"ኮቱ የሱ እንዳልሆነ እህቴ ትከሻውን አይታ ነግራኝ ነበር፤ ገና አንተን ያገባች ሰሞን" አሉ ቀስ ብለው።

ሜትሩ የሰማውን ማመን አቃተው። "እሷ? ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረችኝም?"

"'ለእንግዳ ሲያስረዳ እንዴት ደስ እንደሚለው አታይም?' አለችኝ። ደግሞስ ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

አያውቅም። "እህ" ነበር የሚላት፣ አፉን በስፒል ሞልቶ።

የሚስቱ በነበረው ወንበር ላይ ከሌላ ከተማ የመጣች የዘመድ ልጅ ተቀምጣ ነበር። የሱ ወንበር ግን ባዶውን ይጠብቀዋል፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ማንም አልነካውም።

"አንተስ ምን ያዞርህ ነበር?" አሉ እትዬ።

"ካፖርቱ አላለቀም። ባዶ እጄን ስለሆንኩ..."

እትዬ መጀመሪያ ፎቶግራፉን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ። "እናንተ ሰዎች!" አሉ። "ፎቶውን መልሰህ ስቀለውና ተቀመጥ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ።"

ሰቀለው። ጠበቃው "ያጋድላል" አለ። ሜትሩ ሜትሩን ከአንገቱ ስቦ፣ ከጣሪያው እስከ ጠርዙ ለክቶ፣ ያጋደለው ግድግዳው ነው ብሎ ፈረደ። ክርክሩ ሊነሣ ሲል እትዬ ጠረጴዛውን በማንኪያ መቱና፣ "አውልቀው ይሄን ነገር! ምሳ ላይ ነን" አሉ። አወለቀና በሩ አጠገብ ኮቶች ከተሰቀሉበት አንዱ ላይ አንጠለጠለው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛ ሱቁ ገባና እጁን ዘረጋ። ሜትሩ ወደ አንገቱ እጁን ሰደደ፤ ምንም የለም። ከመኪናው ሥር ፈለገ፣ ከረጢቱን ገለበጠ፣ ራሱ በገለበጠው ተደናቀፈ።

"ምነው ጋሽ ሜትር?" አለ ደንበኛው።

"ሜትሬን ቤት ረስቼው መጣሁ።"

"ቤትዎ እዚሁ ላይ አይደለም እንዴ? ልውጣና ላምጣልዎ?"

"እዚያ አይደለም" አለ ሜትሩ። ጠመኔውን አነሣ፣ ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ቁመቱን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። "ሰኞ ና። እሑድ ሄጄ አመጣዋለሁ።"